ብርድ ልብስ የለበሰው ማንጎ

ቅዳሜ፣ ህዳር 3 ቀን 1981

ዛሬም አለበስኩት። ከመግሪብ ሶላት በፊት። ሦስቱን እንጨት ዙሪያውን ተክዬ፣ ሹፌር ሳለሁ ጋቢና ውስጥ እለብሰው የነበረውን አሮጌ ብርድ ልብስ ከላይ ጣል… እንጨቱ ጨርቁ ቅጠሉን እንዳይነካው ነው። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል ደግሞ መግፈፍ አለ። ካረፈድኩ ቅጠሉ ታፍኖ ይጠወልጋል።

ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቁመቱ ገና አገጬ ድረስ። ድሬዳዋ ቢሆን ጥላው ሥር አሥር ሰው ያስቀምጥ ነበር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ላይ፣ የእንጦጦ ውርጭ በቀጥታ በሚወርድበት፣ ምን ያድርግ? ወገቤ ከመሪው ሳይለየኝ በፊት፣ የመጨረሻዋን የድሬዳዋ ጉዞ ስመለስ ነው ፍሬውን ይዤ የመጣሁት። ልጄ ሳልህ ያኔ አሥር ዓመቱ። በልቶ ጨርሶ አጥንቱን በዘይት ቆርቆሮ ተከለው። ማን ይበቅላል ብሎ!

ፈዬራ በአጥሩ በኩል አይቶኝ ሳቀ። ከእንጦጦ ወርዶ ጎረቤቴ የሆነ፣ ችግኝ ጣቢያ የሚሠራ ሰው ነው። በዛፍ ነገር እሱን ማታለል አይቻልም።

«ነጅሙ፣ ሰው ባሕር ዛፍ ተክሎ ቤት ይሠራል። አንተ በሽተኛ ታስታምማለህ!»

እውነቱን ነው። እኔ ግን በእልህ ነው የማሳድገው።

ዓርብ፣ ህዳር 9

ስሙን እዚህ ደብተር ላይ ከዚያ ነገር ጋር አልጽፍም ብዬ ነበር። ካልጻፍኩት ደግሞ ያፍነኛል።

ሳልህ ጓሮ ያለው ከሰል ቤት ከገባ ሰባተኛ ሳምንቱ። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ቀበሌ ከተለጠፈ ጀምሮ። ለሰው ሁሉ «ጅማ አጎቱ ጋ ሄዷል» ብለናል። ሊቀመንበሩም ሲጠይቀኝ ያንኑ አልኩት። አፈጠጠብኝ፣ መዝገቡ ላይ ጻፈ። ያመነኝ አይመስለኝም።

ከሰል ቤቱ ለሰው የሚሆን ቦታ አይደለም። ብናኙ ደረቱ ውስጥ ገብቷል። ይስላል። እናቱ ዘሙሩድ ማር በሎሚ ትሰጠዋለች… ምን ሊረዳው?

ማንጎው ከከሰል ቤቱ ግድግዳ ተጠግቶ ነው ያለው። ሆን ብዬ ነው፣ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልስለታል። ግድግዳው ላይ ጣት የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች።

«አባዬ፣ አለበስከው?»

«አለበስኩት።»

ቀኑን ሙሉ ከልጄ ጋር የማወራው ይህችን ነው።

ቅዳሜ፣ ህዳር 24

አበባ!

ሦስት ዘለላ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ሲያሳየኝ ከርሞ ዛሬ አበበልኝ። ፈዬራን ጠርቼ አሳየሁት። አጎንብሶ አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። «እንግዲህ ውሃ አታብዛበት። ውርጭ ግን አንድ ሌሊት ካገኘው አበቃለት» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ።

ፈዬራ ሲሄድ አንዱን ዘለላ ዝቅ አድርጌ ወደ ቀዳዳዋ አስጠጋሁለት። አሸተተ። «ማር ማር ይላል» አለ። ወዲያው ሳል ያዘው። ዘሙሩድ ከኩሽና እየሮጠች መጣች።

«ሁለታችሁም አብዳችኋል! አባትም ልጅም!»

አኮረፈች። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። አልዋሽም፣ ዛሬ በጣም ደስ ብሎኛል።

ታህሳስ 2

ዓምደ ሚካኤል መንገድ ላይ አስቆመኝ። የቀበሌው ጥበቃ፣ ቤቱ ከእኛ ከፍ ብሎ ያለው።

«ጋሽ ነጅመዲን፣ እንግዳ አለዎት እንዴ?»

«የለኝም።»

«ከላይኛው መንገድ ሆኜ ሳይ፣ አመሻሽ ላይ ጓሮዎ ሰው ቆሞ አያለሁ። የተከናነበ። ንቅንቅ የማይል።»

ሳቅኩ። ማንጎ ነው አልኩት። እሱ አልሳቀም። «እንግዳ ያላስመዘገበ እንደሚጠየቅ ያውቃሉ። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

ዘሙሩድ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «ከዛሬ ጀምሮ አታልብሰው።» እንዴት አላልብሰው? አበባው በአንድ ሌሊት ያልቃል። ደግሞስ ድንገት ብተው፣ እንግዳውን ሸሸገው አይሉም? እንዲህ እያልኩ ተከራከርኳት። ረታኋት። ለመርታት ማን ብሎኝ… አሁንም አለበስኩት።

ታህሳስ 9

ሁለት ቀን ቀበሌ አሳድረው ለቀቁኝ። አሁን ነው የምጽፈው።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጡ። ሊቀመንበሩ፣ ዓምደ ሚካኤል፣ ሌሎች ሁለት። «ያላስመዘገብከው ሰው አለ» አሉኝ። በቀጥታ ጓሮ ወሰድኳቸው። ሊቀመንበሩ ራሱ ብርድ ልብሱን ገፈፈው። ማንጎ!

ሳቁ። ሊቀመንበሩ ለዛፉ እጁን ዘርግቶ «ጓድ፣ መታወቂያ!» አለው። ዓምደ ሚካኤልም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቤት ውስጥ እንኳን አልገቡም። ዞረው ሄዱ። አንዱ የአጥሩን በር አልፎ ወጥቷል። አልፎ ወጥቶ ነበር።

እኔ ነኝ የመለስኳቸው።

«ኧረ አበባውን ሳታዩ!» አልኩ። እኔ። በዚህ አፌ። ተመለሱ። ፍሬን እንደበጠሰ መኪና ወሬዬን ለቀቅኩት… ድሬዳዋ፣ የዘይት ቆርቆሮው፣ ሥሩ የምነሰንሰው አመድ፣ የድንጋዩ ሙቀት። ዘጠኝ ዓመት ሰው ሲስቅብኝ ኖሮ፣ አራት ሰው አፉን ከፍቶ ሲሰማኝ ጊዜ… ምን ነካኝ? ዘሙሩድ በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ለመነችኝ። አየኋት። አይቻት ቀጠልኩ።

ከዚያ ሳለ።

አንዴ ብቻ። ደረቅ ሳል። አፉን በእጁ አፍኖ እንደነበር ያስታውቃል።

ዓምደ ሚካኤል ቀድሞ ዞረ። መጀመሪያ እኔን አየኝ። ዝም ሊል ይችል ነበር? ከዚያ ወደ ግድግዳው አገጩን ቀና አደረገ። «እዚያ ሰው አለ።»

ከሰል ለብሶ አወጡት። አልመቱትም፣ እሱም አልታገለም። ሲያልፍ ማንጎው ጋ ትንሽ ቆመ። አበባውን ሙሉውን፣ በቀዳዳ ሳይሆን፣ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። የእኔ እኮ ልጄን ይዞ ነው የወጣው።

ታህሳስ 10

ዘሙሩድ አላናገረችኝም።

ታህሳስ 21

አሁንም። ምግቤን ታቀርባለች። ልብሴን ታጥባለች። ስጠራት ትመጣለች። ቃል ግን የለም። እህቷ ኩልሱም መጥታ ልታስታርቀን ሞከረች። «ነጅሙ ምን ያድርግ፣ ሆን ብሎ አይደለም» አለቻት። ዘሙሩድ ለእሷ መለሰችላት፣ እኔ ተቀምጬ እየሰማሁ፦

«ሆን ብሎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጠላቴ ነው እለው ነበር። አሁን ምን ልበለው?»

ማንጎውን ላለማልበስ አስቤ ነበር። ይድረቅ፣ የራሱ ጉዳይ ብዬ። ሲመሽ ግን እግሬ ወሰደኝ። ልጄን አስበልቼ አበባውም ከረገፈ ምን ቀረኝ?

የካቲት 11

ደብዳቤ! ከማሰልጠኛ። የት እንደሆነ አይልም። ዘሙሩድ ማንበብ አትችልም፣ የግድ እኔ ነኝ የማነብላት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሰማች።

«ስለ ሳሉ አታስቡ፣ ለቆኛል። እዚህ ብርድ የሚባል የለም። ማንጎ ቢተከል ሳይለብስ ይበቅላል። አባዬ፣ ፍሬ ያዘ ወይ?»

ይዟል ልጄ። ሰባት ይዞ አምስቱ ረገፈ። ሁለት አለ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። አራተኛውን እንዳነብላት ስትፈልግ ወረቀቱን ከፊቴ መልሳ አስቀመጠችው። በአፏ አልጠየቀችኝም።

ግንቦት 2

አንዱን በረዶ ጣለው። አንድ ቀረ።

ሳልህ ወደ ሰሜን ተልኳል። በአንድ መስመር ነው የጻፈው። «ወደ ሰሜን እየሄድን ነው፣ ዱዓ አድርጉልኝ።» በቃ።

ነሐሴ 6

ፍሬው በሰለ። ይህን ሁሉ ወር ፈጅቶ። የሕፃን ጡጫ የምታክል፣ ግማሽ ፊቷ ብቻ የቀላች። ዘሙሩድ ቆረጠችው። እኔን ሳትጠይቅ። ቡፌው ላይ፣ ከሳልህ ፎቶ አጠገብ አስቀመጠችው።

እንደማይቆይ ታውቃለች። እኔም አልነገርኳትም።

ነሐሴ 19

ቤቱ መሽተት ጀምሯል። ቡፌው ላይ ጭማቂው ወርዶ ደርቋል፣ ዝንብ ወሮታል። ሁለታችንም እንዳላየ እናልፋለን። ፈዬራ ገብቶ አየ፣ አፍንጫውን ሊይዝ እጁን አንስቶ መልሶ አወረደው።

ጥቅምት 12 ቀን 1982

ከግንቦት ወዲህ ደብዳቤ የለም። ቀበሌ ጠየቅኩ። «ግዳጅ ላይ ነው» አሉኝ። የሁሉም ልጅ ግዳጅ ላይ ነው።

ሐሙስ፣ ህዳር 14

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ዓምደ ሚካኤል። ጠመንጃ አልያዘም። ያለ ጠመንጃው ሳየው አጭር ሰው ነው።

አልተቀመጠም። የተናገረውን እንዳለ ልጻፈው፦

«ጋሽ ነጅመዲን፣ ዘነበ… ልጄ ዘነበ ስሙ ተለጥፏል። የሚሸሸግበት የለኝም። አንድ ጊዜ የተፈተሸ ቤት ደግሞ አይፈተሽም። ከሰል ቤትዎ… ባዶ ነው ብዬ…»

ባዶ ነው ብዬ!

ሊነግረኝ የመጣው ይህን ነው? ያቺን ሳል ቀድሞ የሰማ ጆሮ? ተነሳሁ። ልተፋበት ነበር፣ እውነት ነው። «ዞረህ አይተኸኛል» አልኩት። «መጀመሪያ እኔን ነው ያየኸው። ዝም ማለት ትችል ነበር።»

«ሌሎቹም ሰምተዋል ጋሼ» አለ። አንገቱን ደፍቶ። «ዝም ብል እኔን ነበር የሚወስዱኝ።»

ሰምተው ይሆን? እስከ ዕለተ ሞቴ አላውቀውም። ለሱም መለስኩለት፣ «ውጣልኝ» አልኩት። ደግሜ አልኩት። ሊወጣ ዞረ።

ከጓዳ ድምፅ መጣ። ዓመት ሊሞላው ሃያ ቀን ገደማ የቀረው ዝምታ…

«እናቱ ታውቃለች?» አለች ዘሙሩድ።

ዓምደ ሚካኤል ቆመ። «እሷ ናት የላከችኝ።»

ዘሙሩድ ከጓዳ ወጣች። እሱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችኝ።

«ይምጣ። አንተ ደግሞ አፍህን ትዘጋለህ።»

ያናገረችኝ ይህን ነው። ይህም ቃል ነው፣ ተቀበልኩት።

ቅዳሜ፣ ህዳር 16

ዘነበ ገባ። አሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ከሳልህ ይቀጥናል። አልወደውም። ምግቡን ግን እኔ ነኝ የማደርሰው።

ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ነፋስ የለም። ዛሬ ውርጭ ይወርዳል። ከመግሪብ በፊት እንደ ልማዴ ጓሮ ወጣሁ። ሦስቱ እንጨት እንደተተከለ ነው። ማንጎው ጫፍ ላይ ዘንድሮም አበባ ሊወጣ ያበጠ ነገር አለ… ብርድ ልብሱን ፈለግኩ። አጣሁት። ዘሙሩድ አራግፋ፣ አጥፋ፣ ወደ ከሰል ቤቱ ይዛው ስትገባ አየኋት።

እንጨቶቹን ነቀልኳቸው። ከላይኛው መንገድ የሚያልፍ ሰው ካሁን በኋላ ዛፍ ብቻ ነው የሚያየው። እስኪደርቅ ድረስ።

ልመለስ ስል ከግድግዳው ቀዳዳ ልጁ ጠራኝ። በሹክሹክታ።

«ጋሼ… ይሄ የማንጎው ነው አሉኝ። ማንጎውስ?»

እንጨቶቹን ግድግዳው ሥር አስቀመጥኩ።

«አንተ ልበሰው» አልኩት። «እንዳትስል።»