ከጀለቢያው ሥር ያለው ከረጢት

ኅዳር 4
ውሃ መጠጣት ከተውኩ አራተኛ ቀኔ። ያልገባ አይወጣም ብዬ... ለውጥ የለም። ሽንቴ ያው ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ዝም።

ጠዋት ከጎረቤቶቼ ጋር መንገዱ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ቁርስ አልበላሁም። አወድ በር አንኳኳ። ፉሉ እየቀዘቀዘ ነው አለኝ። ጉንፋን ይዞኛል አልኩት። አርባ ዓመት አንድ ባቡር አብረን ስንነዳ ኖረን፣ ዋሸሁት። ምን ላድርግ? ትሪው ላይ እጄን በሰደድኩ ቁጥር ለሽንት ልነሳ?

ኅዳር 7
ጨርሶ ተዘጋ። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ብቻዬን ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተር ሙንተሲር፣ ዕድሜው ከልጄ የሚያንስ፣ ከኋላ በጣቱ መረመረኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ ሳይ ቆየሁ። የአልትራሳውንዱ ማሽን ከተበላሸ ከርሟል።

"አባቴ፣ ፕሮስቴት ዕጢዎ አድጎ የሽንቱን መንገድ አንቆታል። ካንሰር አይመስልም። ውሃ መተው ግን መድኃኒት አይደለም፤ ኩላሊትዎን ነው የሚጎዱት።"

ቱቦ አስገባልኝ። ሲፈስ አለቀስኩ። ከእፎይታ ይሁን ከኀፍረት... እንጃ።

ኅዳር 8
ቱቦው የሚፈስበትን የሽንት ከረጢት ጭኔ ላይ አሰሩልኝ። ጀለቢያ ሰፊ መሆኑ በጀኝ። መስጊድ አልሄድኩም።

ኅዳር 29
ቀዶ ሐኪሙ ወደ አትባራ የሚመጣው በወር አንዴ ነው። ተራዬ ታኅሣሥ 12። ግን ሁለት ደም ለጋሽ ይዘህ ና ተባልኩ። ያለ ደም አይነኩኝም። ልጄ ጅዳ፣ ሚስቴ ሩቀያ አፈር ውስጥ። ማንን ልጥራ? ሦስት ሳምንት የሸሸኋቸውን ሰዎች ደማችሁን ስጡኝ ልበል?

ታኅሣሥ 9
ሁለቴ አወድ በር ደርሼ ተመለስኩ። ይሄ ቀን ካለፈኝ ደግሞ ሌላ ወር...

ታኅሣሥ 10
ጀለቢያዬን ገልጬ ለአወድ ከረጢቱን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየው።

"ጉንፋንህ ይሄ ነው? አንተ ሞኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"

ሆስፒታል የእሱን ደም በዕድሜው የተነሳ አንቀበልም አሉት። ሁለት የወንድሙን ልጆች ከሥራ አስነስቶ አመጣ።

ታኅሣሥ 20
ከቀዶ ጥገናው ስምንት ቀን። ቱቦው ዛሬ ወጣ። ሸናሁ! በራሴ። ድምፁን ቆሜ ሰማሁት። ሩቀያ ብትኖር ትስቅብኝ ነበር። ለማን ይነገራል ይሄ?

ታኅሣሥ 26
ምንጣፉ ላይ ተመለስኩ። ፉል፣ ሽንኩርት፣ ሰሊጥ ዘይት። ቦታዬን ማንም አልያዘውም።

አወድ መሃል ላይ ተነሳ። ተመለሰ። ደግሞ ተነሳ። ሻዩን አልነካም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ አንገቱን ደፋ። ስንት ጊዜህ ነው አልኩት በጆሮው።

"ሁለት ዓመት።"

ሁለት ዓመት... አጠገቤ ተቀምጦ። እኔን ሞኝ ሲለኝም ነበረበት ማለት ነው። ተናደድኩ፣ አዘንኩለትም። "በሽታውን የደበቀ..." ብዬ ጀመርኩ፤ አልጨረስኩበትም። ሰኞ ዶክተር ሙንተሲር ዘንድ አብሬው እሄዳለሁ።

የቀዘቀዘውን ሻይ ደፍቼ ትኩስ ቀዳሁለት።

"ጠጣ። መተው አይጠቅምም፣ ሞክሬዋለሁ።"