የማይተላለፈው ሕመም፦ የወይዘሮ እኅተማርያም ሥዩም ሕይወት

ወይዘሮ እኅተማርያም ከአባታቸው ከአቶ ሥዩም ገብረጻድቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንግሥት ወልዴ በ1968 ዓ.ም. ጎባ ከተማ ተወለዱ። እዚያው ተምረው በጽሕፈት ሙያ ከሠለጠኑ በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። እጃቸው ፈጣን ነበር፤ ምላሳቸውም ከጣታቸው አያንስም። ይህን ዛሬ ለቀብራቸው እዚህ የቆመ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ከሁሉ ጋር ተስማምተው ኖሩ ተብሎ አይነበብላቸውም።

በ1994 ዓ.ም. አቶ በእውቀቱን አግብተው በ1997 ዓ.ም. ልጃቸውን ልደትን ወለዱ። በ2001 ዓ.ም. ጠዋት ጠዋት ጣቶቻቸው እያበጡ አልጨበጥ አሉ። ቁልፍ መቆለፍ፣ የልጃቸውን ፀጉር ማበጠር አቃታቸው። በመሥሪያ ቤቱ ሥራ ጠልታ ነው ተባሉ፤ በሰፈር ደግሞ የሰው ዓይን ነው ተባለ። የከፋው ግን ከባለቤታቸው እኅት ከወይዘሮ ዘነበወርቅ አፍ ወጣ፤ ይተላለፋል አሉ። አቶ በእውቀቱም የእኅታቸውን ቃል ይዘው በ2004 ዓ.ም. የሰባት ዓመቷን ልደትን ሮቤ እኅታቸው ቤት አስቀመጧት፤ ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸው ተከትለው ሄዱ።

እናት በየቅዳሜው ሚኒባስ ተሳፍረው ሮቤ ይወርዱ ነበር። ወይዘሮ ዘነበወርቅ በሩን ገርበብ አድርገው፣ «እዚያው ሆነሽ አናግሪያት፤ እንዳትነኪያት» ይሏቸዋል። ልጅቱም የእናቷን እጅ መፍራት ተማረች።

በ2006 ዓ.ም. ዶክተር ዘይነዲን የሚባሉ ሐኪም ደማቸውን አስመርምረው አስረዷቸው።

«ጀርም ሲገባ ሰውነት ክተት የሚያስነግርባቸው መልእክተኛ ፕሮቲኖች አሉ። በሴሎቻችን ላይ ደግሞ ተቀባይ አለ፤ መልእክቱ እዚያ ሲያርፍ ሴሉ ይቆጣል። በእርስዎ ግን ጠላት ሳይመጣ አዋጁ ይለፈፋል፤ የሚወጋውም የራስዎን መገጣጠሚያ ነው።»

«ይተላለፋል?»

«አይተላለፍም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ቁጣው ካልበረደ ደም ሥርና ልብ ድረስ ይዘልቃል።»

መልእክቱ ተቀባዩ ላይ እንዳያርፍ የሚከለክለው መርፌ በወቅቱ አልተገኘላቸውም። ቁጣውን የሚያበርድ ክኒን ጀመሩ። በወራት ውስጥ እብጠቱ ጎደለ፤ የተጣመሙት ጣቶች ግን አልተቃኑም። ያኔ ጎረቤታቸውን ኦቦ ረጋሳን አስከትለው ሮቤ ሄዱ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ እንደልማዳቸው በሩን ቢይዙባቸው፣ «ሕመሜ አይተላለፍም። ያንቺ ወሬ ግን ይተላለፋል፤ በልጄ ላይ አይቼዋለሁ» ብለዋቸው ገፍተው ገቡ።

ልደት ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች እንጂ አልተጠጋችም። እሳቸውም አልጎተቷትም፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። ኦቦ ረጋሳ ማንም እንዳይናገራት ከለከሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ በዚያው ቀን ጎባ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ አልተለያዩም።

ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ሲነድ የቆየው ቁጣ ግን ሐኪሙ እንደፈሩት ልባቸውን አደከመው። በ2016 ዓ.ም. አልጋ ሲይዙ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሽማግሌ ላኩባቸው። ወይዘሮ እኅተማርያም ሽማግሌዎቹን በወጉ አስተናግደው፣ «የላከችው ሰው ነው እንጂ ይቅርታ አይደለም። ያደረገችውን ራሷ መጥታ በአፏ ከተናገረች እሰማታለሁ» አሉ።

አልመጡም። ወይዘሮ እኅተማርያም ኅዳር 2017 ዓ.ም. በተወለዱበት ከተማ፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች ዐረፉ።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ዛሬ መጥተዋል።

ከእሳቸው በኋላ ልጃቸው ልደትና ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ፍቅረሥላሴ ቀርተዋል። በሐዘንተኛነት ሌላ ስም እንዳይጠራ ራሳቸው አዘዋል። ሥጋቸው ከራሱ ጋር መዋጋቱን አቁሟል፤ ነፍሳቸውንም አምላክ በሰላም ይቀበልልን።