ከጎማዋ ሥር ያልነበረው የጥርሴ ምልክት

በእናት ቦታ ላሳደግሽኝ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ደጅሽን ያንኳኳልኝ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃውን አሁንም ግድግዳ እየያዝሽ ነው የምትወጪው ወይስ መድኃኒቱ ረዳሽ? ጋሼስ ሳሉ ተሻለው? መቼም እሱ በሽታውንም አይናገር፣ አንቺ ካልነገርሽኝ ማን ይነግረኛል። ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በአካሌ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ጸሎቴን አደርሳለሁ። ሌላውን ከታች አጫውትሻለሁ።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ፣ "ስለ ጣሪያው ማፍሰስና ስለ ጎረቤቱ ዶሮ ሳይቀር ስትጽፍልኝ ስለ ክላርኔትህ ግን አንዲት መስመር የለችም፣ ምነው?" ብለሽኛል። አንቺ ድሮም ከተናገርኩት ይልቅ ያልተናገርኩት ነው ጎልቶ የሚሰማሽ። ዝም ያልኩት አፍሬ ነበር። አሁን እፍረቱ የኔ ብቻ እንዳልሆነ ስላወቅሁ ከሥሩ ልንገርሽ።

ባለቤቴ ባረፈች ሰሞን፣ አንቺም እዚህ ነበርሽ፣ ቤቱ ሰው በሰው ሆኖ ሳለ ሚዜዬ ክላርኔቱን ከነሳጥኑ ከአልጋው ሥር አውጥቶ፣ "ሰው እንዳይረግጠው እኔ ዘንድ ይቆይልህ" ብሎ ወሰደው። እግዜር ይስጥህ ብለሽ የሸኘሽው አንቺ ነሽ። ማመናችን ትክክል ነበር፤ ሠርጌ ላይ ከጎኔ የቆመ፣ በፋብሪካው ባንድ ሠላሳ ዓመት ከጎኔ የተቀመጠ፣ የባንዱን መሣሪያ ሁሉ በእጁ የሚጠግን ሰው ነው። የኔና የሱ ክላርኔት እንኳ እህትማማች ናቸው። በአንድ ሳጥን በአንድ ቀን ነው የመጡት፣ ያን ጊዜም ያረጁ ነበሩ።

ዓመት ሙሉ ሳልነካው ቆየሁ። ዓመቱ ሲያልፍ ሄጄ ጠየቅሁት፣ ወልውሎ አቀባብቶ መለሰልኝ። ሳጥኑን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ጎማዋን ነው። ታስታውሺያለሽ፣ ስትሄጂ ጥለሽልን ከሄድሽው ብስክሌት ከመነዳሪ፣ ከውስጠኛው ጎማ ላይ ባለቤቴ እየቆረጠች በክላርኔቱ አፍ፣ ተነቅሎ በሚገጠመው መንፊያው ላይ፣ ጥርሴ በሚያርፍበት በኩል፣ በማስቲሽ ትለጥፍልኝ ነበር። ያለዚያ ስነፋ ጥርሴን ይነዝረኛል። የመጨረሻዋን የለጠፈችው ታማ ተኝታ ሳለ ነው፤ መቀሱን ትራስ ላይ ተደግፋ ያዘችና ጥፍር የምታህል ክብ አድርጋ ቆረጠችልኝ። እሷን ጎማ አየሁና ሌላ ምንም አላየሁም።

ከዚያ መንፋት ጀመርኩ። እትዬ፣ ያ ድምፅ ጠፋ። የታችኛው ሲስተካከልልኝ የላይኛው ይሾላል፣ የላይኛውን ሳወርድ የታችኛው ይሰጥማል። መሃል ላይ ያሉት ደግሞ እንደታፈነ ሰው ያቃስታሉ። ትልቁን ነሐስ የሚነፋው፣ በርሜል የምንለው፣ "ጋሼ፣ ክላርኔትዎ ብርድ መቷታል፣ ፎጣ ጠምጥሙላት" ይላል፤ ባንዱ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቤት ስገባ ሳቁ ያልቃል።

ጥፋቱን ከራሴ ፈለግሁ። ከሌላ ከማን እፈልጋለሁ? እሷ ታማ ሳለ ሁለት ሐሙስ ጥያት ልምምድ ሄጃለሁ። ሂድ ያለችኝ እሷ ናት፤ ሰው ግን ሂድ ስለተባለ ይሄዳል? ፈጣሪ ያን ትንፋሽ መልሶ ወሰደው አልኩ። ጠዋት ስጸልይ ድምፄን መልስልኝ ማለት እንኳ ፈርቼ፣ ፍርድህ ልክ ነው እያልኩ ነበር የምነሳው። ስምንት ወር እንዲህ ኖርኩ።

ሚዜዬን አማከርኩት። ክላርኔቱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ዞሮ አየው፣ ቁልፎቹን ነካካ፣ ራሱን ነቀነቀና፣ "መሣሪያው ምንም አልሆነም ወንድሜ። ከንፈር ነው የላላው። ኀዘን ከንፈር ያላላል፣ ዕድሜም አለ" አለኝ። ከዚያ ከመሳቢያው ሁለት ፓኬት ሪድ አወጣልኝ፤ ያች አፉ ላይ ታስራ የምትርገበገበው የሸምበቆ ስንጥር ናት። ከሁሉም ለስላሳዋን ነው የሰጠኝ፣ ለደካማ ከንፈር እሷ ትሻላለች ብሎ። እኔም መርቄው ወጣሁ። በአፌ እትዬ፣ ልጆችህ ይባረኩ ብዬ።

ለስላሳዋ ደግሞ ባሰች። ጠበቅ አድርጌ ስይዛት አፉ ላይ ልጥፍ ብላ ትዘጋለች። ውሃ ውስጥ ብዘፈዝፋት፣ ጫፏን ብፍቅ፣ ገልብጬ ባስራት ያው። በመጨረሻ መሪያችን፣ ዕድሜው ልጄ ቢሆን ነው፣ ለብቻ ጠራኝና መሬት መሬት እያየ፣ "አባቴ፣ እኛ እርስዎን አንገፋም። ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ የመጀመሪያውን ወንበር ለሌላ ልሰጥ ነው። የኖታዎቹን ቁም ሣጥን የሚይዝልን ሰው እንፈልጋለን" አለኝ። ደግ ልጅ ነው። ደግነቱ ነው አጥንቴ ድረስ የገባው። ለሠላሳ ዓመት የነፋ ሰው ቁልፍ ያዥ ሊሆን።

ከሳምንት በኋላ እንደምንም ብዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩና ከከተማው ማዶ ወዳለች አንዲት የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቋ ጠና ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሬ የት ገባ ብላ የምትፈልግ ሴት ናት። ጠንካራ ሪድ ቢኖራት ብዬ ነው የሄድኩት። እሷ ግን ሪዱን ከማምጣቷ በፊት ክላርኔቱን ፈታታ፣ ታጥቦ እንደወጣ ሕፃን አገላበጠችው። መካኒኮች የሚለኩበትን ካሊፐር አመጣችና አንዴ የእንጨቱን ውስጥ፣ አንዴ የአፉን ውስጥ ለካች።

"አባባ" አለችኝ፣ "የዚህ መሣሪያ ሆዱ ሰፊ ነው፣ የድሮ ሥራ ነው። ይህ አፍ ግን የዛሬ ነው፣ ጉሮሮው ጠባብ። ሰፊ ሆድና ጠባብ ጉሮሮ አጋብተው ታችና ላዩ እንዴት ይስማማልዎ? በዚያ ላይ የጫፉ ክፍተት ትንሽ ነው፣ ትንሽ ክፍተት ጠንከር ያለ ሪድ ነው የሚፈልገው። ለስላሳዋን ማን አዘዘልዎ?"

የሚጠግንልኝ ሰው አልኳት። እሷም ቀና ብላ አየችኝና፣ "ጠጋኝ ከሆነ ይህን አያጣውም" አለች። ያች ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረች።

አፉ ሠላሳ ዓመት የኔ ነው፣ አልለወጥኩትም ብዬ ተከራከርኳት። አሮጌ ከሆነ የጥርስ ምልክት አይጠፋበትም፣ ጎማዋን ላንሳት? አለችኝ። እጇን ያዝኩት። ጎማዋ ከተለጠፈች ጀምሮ አንድም ቀን አንስቻት አላውቅም፤ ጠርዟ ሲላቀቅ እንኳ በአውራ ጣቴ ጫን አደርጋት ነበር እንጂ። በኋላ ራሴ በጥፍሬ አነሳኋት። ባለቤቴ የለጠፈችው በብስክሌት ማስቲሽ ነበር፤ ያኛው ቢጫ ሆኖ ይደርቃል። ይህ ነጭ ነበር። ከሥሩም አፉ እንደ መስታወት ልሙጥ። ባለቤቴ ጎማ መለጠፍ የጀመረችው ጥርሴ ሁለት ጎድጓዳ ከቆፈረበት በኋላ ነው፤ አንዱ ጠማማው ጥርሴ ስለሆነ ይጠልቃል። ሁለቱም የሉም።

ገባሽ አይደል እትዬ? ሚዜዬ የክላርኔቴን አፍ ወስዶ ሌላ ሰጠኝ። እንዳላውቀውም ጎማዋን ከዚያ ገፎ እዚህ ለጠፋት። ሌላውን ሁሉ ሰው ያደርገዋል ልበል። እሷን ሲገፍፋት ግን እጁ እንዴት አልከበደው?

ሐሙስ ለልምምድ ቀድሜ ገባሁ። ከፋብሪካው ምግብ አዳራሽ በላይ ያለው ክፍላችን ውስጥ እሱ ብቻውን ተቀምጦ ክላርኔቱን ይገጥማል። እስቲ የክላርኔትህን አፍ ላፍታ አልኩት። "ምን ልታደርግበት?" አለ። ልነፋበት አልኩ። ከክላርኔቱ ነቀለው። ከዚያ ሳያየኝ ዘረጋልኝ። በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖታል፤ ሆኖም አውራ ጣቴ ሁለቱን ጎድጓዶች ወዲያው አገኛቸው።

እሱ ነው ቀድሞ የተናገረው። "የኔው በዚያ ሰሞን ወድቆ ተሰነጠቀ" አለ። "አንተ ጨርሰሃል ብዬ ነው። ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚለው፣ ከእንግዲህ አይነፋም እያለ። ስትመለስ ግን እንዴት ልንገርህ?"

እሺ አፈርክ፣ ግን አፍረህ ነው ለስላሳ ሪድ የሰጠኸኝ? ከንፈርህ ላላ ያልከኝ? አልኩት። ያን ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። "መጀመሪያስ የማን ነበር?" አለኝ። "ሁለቱ ክላርኔቶች የመጡበት ሳጥን የተከፈተ ቀን ውሃ ልጠጣ ስወጣ ሁለቱንም አፎች ነፍተህ ጥሩውን አላስቀረህም? ሁለቱም አንድ ናቸው አላልከኝም? ሠላሳ ዓመት ጎንህ ተቀምጬ የማልሰማ መሰለህ?"

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ላንቺም። እውነት ነው። ሁለቱንም ሞክሬ፣ የተሻለውን አፍ በኔ ክላርኔት ላይ ገጥሜ፣ አንድ ናቸው ብዬዋለሁ። ልጅነት ነበር ብዬ ላልፈው አልፈልግም። ለአፉ ብቻ ቢሆን ያን ዕለት ተቃቅፈን በተላቀስን። እኔ ግን የሱን ትንፋሽ ሞተ ብዬ አልቀበርኩትም። ስምንት ወር ሙሉ በአምላክ ፊት ራሴን ስከስስ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እያወቀ አጠገቤ ተቀምጦ የኖታ ገጽ ይገልጥልኝ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ትይ ነበር፤ አሁን ገባኝ፣ አወዳደቁ የሚከፋው ተዘንግተው ስለተቀመጡ ነው።

አፉን ክላርኔቴ ላይ ገጥሜ ነፋሁበት። ከንፈሬ ቦታውን አወቀው፣ ጥርሴም ጎድጓዱ ውስጥ ገባ። ድምፁ ግን የኔ አልነበረም። ለራሱ አነካከስ እንዲመቸው ሪዷ የምታርፍበትን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ሞርዶታል። አንዴ የተፋቀ አይመለስም። ለሱም አልሆነለትም፣ ለኔም ጠፋ። ነቅዬ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለትና ወጣሁ።

በማግስቱ ወደ ባለሱቋ ተመለስኩ። እሷም ምን ሆነ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ከተሰበሩ መሣሪያዎች የተረፉ አፎች የሞሉበትን መሳቢያ ጎትታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ሁሉንም ለካች። ጉሮሯቸው ለኔ ክላርኔት የሚበቃው ሁለት ብቻ ሆኑ። አንዱ ጫፉ ስለተሸረፈ ፉጨት ያስገባል። ሁለተኛው ከዕድሜ ብዛት ጥቁረቱ ወደ አረንጓዴ ዞሯል፣ ሲሞቅ የክብሪት ሽታ አለው። ክፍተቱ መካከለኛ ስለሆነ ሪዷም መካከለኛ ትሁን ብላ፣ ከአንድ ፓኬት አስሩንም ወደ መስኮቱ እየያዘች ጭረቱ የተስተካከለውን አራት መረጠችልኝ። የድምፅ ማስተካከያውን ሹካ ጠረጴዛው ላይ አንኳኳችና "እስቲ ከታች ተነስተው ወደ ላይ ይውጡ" አለችኝ። ወጣሁ። ታችና ላዩ ተስማሙ። ባለሱቋ ፊት ማልቀስ ነውር ነው ብዬ መሃረቤን ስፈልግ እሷ ዞራ መሳቢያውን መሙላት ጀመረች፣ አምላክ ይባርካት።

የወሩ መጨረሻ ትናንት ነበር። መሪያችን ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝና፣ "የት ሄደው ነበር አባቴ?" ብቻ አለኝ። ወንበሬ የኔው ነው። በርሜልም ስለ ፎጣ መቀለዱን ተወ። ድምፄ የድሮው አይደለም፣ ወፈር ጠቆር ያለ ነው፤ ግን ልክ ነው። ሚዜዬ እዚያው ጎኔ ነበር። ገጹን ሊገልጥልኝ እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ ሰበሰበው። ራሴ ገለጥኩት።

ትንፋሼ እንዳልሞተ አወቅሁ፣ ምስጋና ይግባው። ጠዋት ስጸልይ ግን የበደሉንን ይቅር ስለማለት የሚናገረው ቦታ ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። ዘልዬው ማለፍ አልፈልግም። እዚያው ቆሜ እጠብቃለሁ፣ አርፍጄ ሥራ እገባለሁ አይባልምና ሰዓቱ ሲደርስ ተነስቼ እሄዳለሁ።

አሮጌዋን ጎማ በዚህ ወረቀት ውስጥ አጥፌ ልኬልሻለሁ። መጣሉ አልሆነልኝም፣ ከቤት ማቆየቱም ከበደኝ፣ አንቺ ያዥልኝ። ለአዲሱ አፍ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለበት ሚስማር ከመነዳሪውን አውርጄ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጄ ቆረጥኩ። ጠማማ ወጣ፣ አንድ ጎኑ ቀንድ አለው። ባለቤቴ ብታየው ትስቅብኝ ነበር። ይይዛል ግን።

ለጋሼ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ሳሉን እንዳይደብቅ ንገሪው። ለትልቋ ልጅሽ፣ ፎቶግራፉ ደርሶኛል፣ ከመስኮቱ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ በይልኝ። መንታዎቹን ግንባር ግንባራቸውን ሳሚልኝ፤ ማን ማን እንደሆነ አሁንም አለይም፣ እንዳይቀየሙኝ። አጥሩን በተመለከተ የሚጣሏችሁን ጎረቤትሽንም ሰላም በይ፣ ሰው እስካለ ጭቅጭቅም ደህና ነው። ሚዜዬ በየደብዳቤው ሰላምታ እንደሚልክልሽ ታውቂያለሽ። ዛሬ እንደምጽፍ አልነገርኩትም፣ እሱም አልላከም። ከዚህ በታች አንድ መስመር ባዶ ትቼለታለሁ።



ታናሽ ወንድምሽ
ከዚያው ከምታውቂው ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ጥቅምት ፩ ቀን