ከመንገድ ማዶ ሆኖ ስለተመረመረው የጋሼ በረንዳ

ለክቡር የሕንፃዎች ደኅንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና፣ በተለይም ለባለሙያዎ አንገት ብርታትን እየተመኘሁ፣ አንድን ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ከመንገድ ማዶ ቆሞ ወደ ላይ በማንጋጠጥ ብቻ መርምሮ መጨረስ ምን ያህል እንደሚያደክም የምገነዘብ መሆኔን በትሕትና እገልጻለሁ። እኔ በዚሁ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር፣ ጎረቤቶቼም «አንቺ ምላስ አለሽ» ብለው የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ያደረጉኝ ሴት ነኝ።

አንደኛ፣ ስለ ምርመራው ላመስግን። መመሪያዎ ከመሬት ከፍ ያለ በረንዳና የውጭ ደረጃ ሁሉ ብረቱ እየተነካ፣ ሲሚንቶው በመዶሻ እየተመታ እንዲፈተሽ ያዛል። ባለሙያዎ ግን ደረጃችንን በመውጣት ሊያስቸግረን ስላልፈቀደ፣ በስልክ እያወራ ቀና ብሎ አየና በእጁ «ጥሩ ነው» የሚል ምልክት ሰጠኝ። ተሻግሬ ሄጄ ከእኔ በላይ ካለው በረንዳ ሥር የረገፈውን ሲሚንቶና ያገጠጠውን ዝገት ባሳየው፣ «እሱ የቀለም ጉዳይ ነው፣ እትዬ» ሲል አጽናናኝ። እኔም መጽናናት ፈልጌ ስለነበር ተጽናናሁ።

ሁለተኛ፣ «በረንዳዎቹ ሁሉ ደኅና ናቸው» ብሎ ጽሕፈት ቤትዎ ስለሰጠን ምስክር ወረቀት። ማኅተሙ እንዴት ያምራል! ከእኔ በላይ የሚኖሩት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ከሳንባ ምች ገና ማገገማቸው ስለነበር ሐኪሙ ፀሐይ እንዲሞቁ መክሯቸዋል፤ እሳቸው ግን «ስረግጠው ይተነፍሳል» እያሉ በረንዳቸውን ከሸሹ ቆይተዋል። ወረቀትዎን ይዤ ሽቅብ የወጣሁት እኔ ነኝ። «እርስዎ ደግሞ፣ ጋሼ! ባለሙያ አይቶ ማኅተም ያደረገበትን እርስዎ ይጠራጠራሉ?» ያልኩትም፣ ወንበራቸውን ተሸክሜ ያወጣሁትም እኔው ነኝ። እሳቸውም «አንቺ ካልሽ እሺ» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቀሚስ እየቀመቀምኩ ሳለ ከበላዬ አንዳች ነገር ተሰነጠቀ፤ ወዲያው ወንበሩ በመስኮቴ ፊት ቁልቁል አለፈ። ሮጬ ወደ ላይ ስወጣ የበረንዳው ወለል ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል፤ ጋሼ የበሩን መቃን ሙጭጭ አድርገው ይዘዋል፤ ልጃቸው ከውስጥ ሆና በብብታቸው ይዛ እየጮኸች ትጎትታቸዋለች። አብረን ጎትተን አወጣናቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል።

ሦስተኛ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ከዚያ በኋላ ያሳየውን ቅልጥፍና ሳላደንቅ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ጋሼ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ «ያለ ፈቃድ የሕንፃውን የውጭ ገጽታ በመቀየርዎ» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ልጃቸው ስታነብላቸው ዳሌያቸውን ይዘው እስኪያማቸው ድረስ ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

አራተኛው ቅሬታዬ፣ ክቡርነትዎን ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እርስዎን የሚመለከት አይደለም። ጋሼ ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር «ተይ እንጂ ልጄ፣ ለደግ ብለሽ ነው» ይሉኛል። ቢሰድቡኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ልጃቸው ደግሞ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ምግብ ስወስድ አመስግና ትቀበለኛለች፣ ሳህኑንም አጥባ በር ላይ ትመልስልኛለች፤ ግቢ ግን አትለኝም። ዝገቱን አይቻለሁ እኮ። በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ትቼ የእርስዎን ማኅተም አመንኩ፤ ያመንኩትም ስለሚቀለኝ ነበር፤ በረንዳው ይታሸግ ቢባል ስብሰባውና ጭቅጭቁ በእኔ ላይ ነበር የሚወድቀው። ጥፋቱን ከእርስዎ ጋር ልካፈል አስቤ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼም ነበር፤ ድርሻዎን የሚረከብ መስኮት ግን አላገኘሁም። ስለሆነም ለጊዜው ሁሉንም እኔ ይዤዋለሁ፤ እርስዎ በሰላም ይተኙ።

የቀሩት በረንዳዎች ሰው መዶሻ ይዞ ወጥቶ እስኪፈትሻቸው ድረስ በሮቻቸውን በሚስማር አሽገናል። ይህም ያለ ፈቃድ የተደረገ በመሆኑ ማስጠንቀቂያውን በእኔ አድራሻ እንዲልኩልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።

ለትጋትዎ ያለኝን ወሰን የሌለው አድናቆት ደግሜ እየገለጽኩ፣ የእርስዎን ቃል ለሌላ ሰው አምና ያደረሰች፣

የሁለተኛ ፎቅዋ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ላስገባ ስመጣ፣ ከመሥሪያ ቤትዎ መግቢያ በላይ ያለው የእርስዎ ቢሮ በረንዳ ሥሩ ረግፎ ብረቱ ሲታይ አየሁ፤ ከታቹ ባለጉዳይ ተሰልፎ ነበር። ሰዉን ሁሉ ለምኜ ወደ ጎን አዛወርኩት። ጥበቃው «በማን ትእዛዝ?» ሲለኝ «በራሴ» አልኩት። ጸሐፊዎ እንደነገረችኝ፣ እርስዎ ከምሳ በኋላ እዚያ በረንዳ ላይ ወጥተው አየር ይወስዳሉ። እባክዎ አይውጡ። ይህን እንኳ ከልቤ ነው የምለው፤ ሁለተኛ ሰው መሸከም አልችልም።