ሸረሪቷ የዘጋችብኝ ሰሊጥ

ሰኞ፣ ጥቅምት ፬

ብዕሩን የያዘችው ልጄ አበባ ናት፤ ቃሉ የእኔ የደምሌ ነው። ነገሩ ዳኛ ፊት ከደረሰ ማስረጃ ይሁነኝ ብዬ አጽፋለሁ።

ዛሬ አጫጆቼ ማጭዳቸውን ጣሉ። ሰሊጡ ደርሷል፤ ፍሬው መሰንጠቅ ጀምሯል። አራት ቀን ከቆየ መሬት ይበላዋል። ምክንያታቸው ሸረሪት! እውነት ነው፣ የሳንጃ ቆላ ሸረሪት መዳፌን ታህላለች። ጠጉራም ናት። ጉድጓድ ምሳ አፉን በድር ትለብጠዋለች። እነሱ የድብ ባሕር ሰዎች ናቸው፤ ደጋ ላይ እንዲህ ያለች አያውቁም። አለቃቸው ፈንቴ ክንዱ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል አሳየኝ። «አያ ደምሌ፣ ሸንታብኛለች!» አለ። ሸረሪት የሸናችበት ቆዳ ይፈላል ሲባል እኔም ከእናቴ ሰምቻለሁ። ግን በዚህ ምክንያት ሰሊጥ ሜዳ ላይ ይቀራል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፭

ተናደድሁና አበላሸሁት። ጓዛቸውን ሲሸክፉ ሳይ፣ «በንጉሥ አምላክ! አንዳችሁ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትሉ!» አልሁ። ፈንቴም ብድግ ብሎ፣ «እኔም በንጉሥ አምላክ! እርሻው ውስጥ ማንም እንዳይገባ!» አለ።

በቃ። በንጉሥ ስም የታገደ ያለ ዳኛ አይፈታም። እነሱ መሄድ አይችሉ፣ እኔ ማጨድ አልችል። ቀኑን ሙሉ ተፋጠን ዋልን። ምሳዬን ግን በሉ። አበባ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፮

የመንገድ ዳኛ ተገኘ፤ ባላጋራዎች ከተስማሙ አላፊ መንገደኛም ይፈርዳል። ሐጂ እድሪስ የሚባል የጎንደር ነጋዴ በቅሎዎቹን ጭኖ ሲያልፍ ለመንነውና ዛፍ ሥር አስቀመጥነው። ሁለታችንንም ሰማ። ፂሙን እየዳሰሰ ፈረደ፦ ሸረሪቷ በእኔ ክንድ ላይ ትሂድ፤ ነገ ጧት ቆዳዬ ከፈላ አጫጆቹ በሰላም ይሂዱ፣ ካልፈላ ይጨዱ።

«ተስማምተዋል፣ አያ?»

«ምነው ሐጂ! ሸረሪት ልፈራ?»

ጉድጓዷን በሣር ጫፍ ነካካሁት። ወጣች። የፊት እግሮቿን አንሥታ እንደ እባብ ፍሽሽ አለች። ይኸን ጊዜ ፈንቴ ዛፍ ላይ ነበር። ከዚያ ክንዴ ላይ ወጣችና ቆመች፤ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ እስክጨርስ ቆመች። እግሯ እንደ ጥጥ ነው። ወርዳ ሄደች።

ፈንቴን ከዛፉ ውረድ አልሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፯

ሐጂ እኛው ዘንድ አደረ። ጎህ ሲቀድ ሁሉም ክንዴን ከበቡ። ክርኔ አጠገብ አንዲት ቀይ እብጠት! ፈንቴ «ይኸው! ይኸው!» እያለ ዘለለ። ሰሊጤ ሄደ አልሁ።

ሐጂ እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ ላይ እንዲያ ያለ ሰባት። አንገቱ ላይ ሁለት። «እኔ ላይስ ስንት ሸረሪት ሸና? የሳንጃ ትንኝ ነው እንጂ!» አጫጆቹ በሳቅ ወደቁ፤ ፈንቴም ሳይወድ ሳቀ። እገዳው ተፈታ። ሸጋ ፍርድ!

አሁን እያጨዱ ነው። በሸረሪቷ ጉድጓድ ዙሪያ ያለው ሰሊጥ ግን እንደ ቆመ ነው፤ ፈንቴ አልጠጋም አለ፣ እኔም አላስገደድሁም። በዳር በኩል ብዙ ረግፏል። ምን ያህል እንደ ተረፈኝ ነዶው ደርቆ እስኪራገፍ አላውቅም። ይዘፍናሉ፤ ስሜን ሰማሁ፣ ሙገሳ ይሁን ስድብ ነፋሱ ወሰደብኝ።

በይ አበባ፣ ከሰኞ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ጮክ በይ፤ እነሱም ይስሙ።