ከእናቱ የተጣላ አይምልም

ሆሳዕና
መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለምስክር
አዲሎ

የአስማተኞች ችሎት ለንጉሡ ለይበልጣል እንድትምል የወጣብህን ትእዛዝ ትናንት ከሰዓት በኋላ አግዷል። ምክንያቱ አንድ መስመር ነው፦ ከእናቱ የተጣላ አስማተኛ እስኪታረቅ ድረስ መሐላው አይጸናም።

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ጃጁራ ገበያ፣ በቅቤ ነጋዴዎቹ ፊት፣ "አንቺ እኮ የንጉሡ ጃንጥላ ነሽ፤ ዝናብ የምትመልሺው ለሱ ራስ ብቻ ነው" ስትለኝ ያንን አንቀጽ እያሰብክ እንደነበር አሁን ገባኝ። አንቀጹን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ስድቡን ግን ከየት እንዳመጣኸው አላውቅም። ቅቤ ልገዛ ስሄድ ዛሬም "ጃንጥላ መጣች" ይባባላሉ። የሚስቁት ሰዎች ስለ አንቀጹ የሚያውቁት ነገር የለም።

እኔ ንጉሡን የማገለግለው ምዬ ነው። የማለ ሰው ትእዛዝ ቢጥስ ድምፁ ይደርቃል። አባትህ እስኪሞት ድረስ በእጁ ምልክት ሲያወራን ኖሯል፤ አንተም አይተኸዋል።

ዛሬ ጠዋት ንጉሡ አስጠሩኝ። የአዲሎ ሰዎች የእሳቸውን ባንዲራ አንሰቅልም ስላሉ፣ ንጉሡ የሰዎቹ ቦሎቄ ላይ በረዶ እንዲወርድ ይፈልጋሉ። ግቢው ውስጥ በረዶ መጥራት የሚችል የለም፤ የምትችለው አንተ ብቻ ነህ፤ ሳትምል ግን ሊያዙህ አይችሉም።

"ዘርትሁን፣ በዓል ደርሷል፤ ከልጅሽ ታረቂ" አሉኝ።

"ትእዛዝ ነው ወይ፣ ጌታዬ?" አልኳቸው።

ይቅርታ በትእዛዝ እንደማይሆን ሕጉ ላይ ተጽፏል፤ እሳቸውም ያውቁታል። ስለዚህ በትእዛዝ ፈንታ፣ ካልታረቅሽ የአስማት በትርሽን ለሌላ እሰጠዋለሁ አሉ። ያለ በትሬ ምን እንደምሆን ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ያሆዴ፣ የአዲስ ዓመት በዓላችን፣ ሳይገባ የተጣላ ሁሉ ይታረቃል፤ ቂም የያዘ ሰው የበዓሉን ሥጋ አይቀምስም። ለቅርጫው ስም ሲመዘግቡ የእኔን እንዲተዉት ነግሬአቸዋለሁ። ጎረቤቶቼ ዘንድሮ ምን ነካት እያሉ ነው። ይበሉ።

ስልክ እንዳትደውል። ይቅርታ የሚጠይቅልህ ሰው እንዳትልክ፤ ስጦታም ብትልክ መንገድ ላይ፣ ሰው እያየ እመልሰዋለሁ። ወፍራሙ ሹራብህ እዚህ ቀርቶ ስለነበር ለአዲሎ ሚኒባስ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። ለሰላምታ እንዳይመስልህ፤ ቁም ሳጥኑን ስላጣበበብኝ ነው። ክንዱ ላይ የተተረተረውን ሰፍቼዋለሁ።

ምርቃት ከእኔ አትጠብቅ። የአዲሎ ቦሎቄ እስኪሰበሰብ ግን ሰማዩ ጥርት ይበል።

ጋሽ ሳህሉና ጋሽ ሆሴዕ ለሽምግልና የሚመጡት ማክሰኞ፣ መስከረም 13 ነው። ታርቀሻል ወይ ብለው ይጠይቁኛል፤ መልሴንም በዚያው ቀን ለችሎቱ ያደርሳሉ።

የተጣላችህ እናትህ
ዘርትሁን