ሰላምታ አይበላም

ውድ ጋሼ ማህጁብ፣

ይህን ደብዳቤ ልጅዎ ዐዋጢፍ ጮክ ብላ እንደምታነብልዎ ተስፋ አለኝ። ስልክማ ሞክሬ ነበር። እርስዎ «ማነው? ማነው?» ሲሉ፣ እኔ «ምንያህል ነኝ! ተከራይዎ!» ስል፣ የአሶሳ ሰው በሙሉ ሰማኝ፤ ቶንጎ ያሉት እርስዎ ግን አልሰሙኝም። ስለዚህ በወረቀት መጣሁ፤ ምስጋናም ይቅርታም ይዤ።

ከይቅርታው ልጀምር። ያን ሐሙስ ጠዋት ቶንጎ ልጅዎ ዘንድ ሊኖሩ ዕቃዎን አስጭነው፣ ክፍሌ በር ላይ ቆመው «አሰላሙ አለይኩም» ሲሉኝ ሰምቼዎታለሁ። ዓይኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። «ይቺን መስመር ልጨርስ» አልኩ በልቤ። ቀና ስል ደጁ ባዶ ነው፤ ሚኒባሱም ሄዷል። ስድስት ዓመት ግቢዎ ውስጥ ኖሬ፣ ደህና ይሁኑ እንኳ ሳልልዎ ቀረሁ።

ምን ይዞኝ እንደነበር ልንገርዎ፤ ያኔ አፍሬ ደብቄዎታለሁ። የክትባት ማቀዝቀዣ የሚጠብቅ መሣሪያ ለክሊኒኮች መሥራቴን ያውቃሉ። ማቀዝቀዣው ሲሞቅ መሣሪያው ይጮኻል። ሸርቆሌ አካባቢ ያለው ግን ሳይጮኽ ቀረ፤ ክትባቱም ተበላሸ። «ነርሷ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ የመሣሪያውን ሶኬት ነቅላው ነው» ተባለ። ነርሷ ሂባ ትባላለች። እኔም ስጠየቅ «መሣሪያው እንከን የለበትም» ብዬ ፈረምኩ። ሳልመረምር ነው የፈረምኩት፣ ጋሼ። በኋላ ባምባሲ ያለው መሣሪያም እንዲሁ ድርቅ አለ። ሂባ ደግሞ ባምባሲን ረግጣ አታውቅም። ከሥራ ትባረር አትባረር የሚባልበት ስብሰባ ሰኞ ነበር።

ችግሩ የመሣሪያው ልብ ውስጥ፣ እኛ ከርነል የምንለው ዘንድ ነው። ከርነል እንደ እርስዎ ቤት አከራይ ነው። ሥራ ያለው ሁሉ ይመጣና ከኮምፒውተሩ ሜሞሪ ባዶ ክፍል ይጠይቀዋል። እሱም ባዶውን ፈልጎ፣ «ተይዟል» ብሎ ምልክት አድርጎ ይሰጣል። ታዲያ ባዶውን አግኝቶ ገና ምልክቱን ሳያደርግ፣ ሙቀት የሚለካው ዕቃ በር ያንኳኳል። ይህን ማንኳኳት ኢንተራፕት እንለዋለን። ከርነል የጀመረውን ጥሎ ሊያስተናግደው ይሮጣል። እንግዳውም ክፍል ይፈልጋል፤ ያው ባዶ ክፍል ይሰጠዋል። ከዚያ ተመልሶ የጀመረውን ሲጨርስ፣ ለፊተኛውም ያንኑ ክፍል ይሰጣል። ሁለት ተከራይ አንድ አልጋ ላይ! አንዱ የጻፈውን ሌላው ይደመስሳል፤ መሣሪያውም ይደነዝዛል። ማንኳኳቱ በዚያች ቅጽበት ካልገጠመ ምንም አይሆንም። ስለዚህ ወር ሙሉ ደህና ይሠራና አንድ ቀን ጉድ ያደርጋል።

እኔ ብልጣብልጡ ቁልፍ ጨመርኩበት። አንዱ ሲገባ ሌላው ውጭ ይጠብቅ ብዬ ነው። ባሰ እንጂ አልተሻለም። እንግዳው ቁልፉ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ ቁልፉን የያዘው ደግሞ እንግዳው እስኪሄድ ይጠብቃል። ሁለቱም ሲጠባበቁ ቀሩ። እርስዎ ሰላም ሲሉኝ እዚህ ላይ ነበርኩ።

በማግስቱ የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት አዛን ሲሰማ ከክፍሌ ወጥቼ ማንጎው ሥር ቆምኩ፤ እንደ ልማዴ ሶላት ሲጨርሱ ሰላም ልልዎ። በረንዳው ላይ ሰው እንደሌለ ትዝ ያለኝ ጥቂት ቆይቶ ነው።

ያኔ የመጀመሪያ ዓመቴ ትውስ አለኝ። ያስታውሳሉ? በረንዳው ላይ ሲሰግዱ «እንደምን አደሩ!» እልዎታለሁ፤ ዝም። በማግስቱም ዝም። በኛ በጎጃም የእግዜር ሰላምታ መንሳት ጥል መፈለግ ነው። ኮሶ እንደጠጣ ሰው ተኮሳትሬ «ቤቱን ልለቅ ነው» አልኩዎ። ሳቁብኝ።

«እኔ ሰላምታ አይበላም» አሉ በዚያ በራስዎ አማርኛ። «ሶላት ጀመረ፣ ጆሮ ተዘጋ። ሶላት አለቀ፣ ጆሮ ተከፈተ። ያንተ ሰላምታ እዚህ ቁጭ ብሏል።»

ከዚያም እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው «ወአለይኩም ሰላም፣ ይሄ የትናንት። ወአለይኩም ሰላም፣ ይሄ የዛሬ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ሶላቱን ሊጨርሱ ፊትዎን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እስኪያዞሩ ማንጎው ሥር መጠበቅ የለመድኩት።

እዚያው እንደቆምኩ ገባኝ። እኔ በር ስቆልፍ ነበር፤ መዘጋት የነበረበት ግን ጆሮው ነው። ከርነሉ ክፍል ለመስጠት ሲነሳ አስቀድሞ ኢንተራፕቱን ይዝጋ፣ ከዚያ ይቆልፍ፣ ክፍሉን ሰጥቶ «ተይዟል» ይበል፣ ቁልፉን ይልቀቅ፣ በመጨረሻም ጆሮውን ይክፈት። ያንኳኳው እንግዳ አይጠፋም፤ ትንሽ ጠብቆ ይስተናገዳል። የጻፍኩት አራት መስመር ብቻ ነው። ከመስመሮቹ በላይ ለሚመጣው ባለሙያ «ማህጁብ እየሰገዱ ነው፤ አታቋርጣቸው» የሚል ማስታወሻ አኖርኩ። ቅዳሜና እሑድን ያለ ፋታ በኢንተራፕት አንኳኳሁበት። አንዴም አልደነዘዘም።

ሰኞ ሄጄ ስብሰባው ፊት ቆምኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሳላይ ነው የፈረምኩት» አልኩ። ሂባ ቀና ብላ አየችኝና «ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው ሲያየኝ የሚታየው እኔ አይደለሁም፤ ነቀልሽው የተባልኩት ሶኬት ነው» አለች። አሁን ሥራዋ ላይ ናት። እኔን ስታገኝ በግማሽ ፊት ነው ሰላም የምትለኝ፤ አልፈርድባትም።

ጋሼ፣ እርስዎ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ግን የሂባን እንጀራ ያተረፉት እርስዎ ነዎት፤ እኔንም ከውሸቴ ያወጡኝ እርስዎ ነዎት። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ማንጎው አፍርቷል፤ ለበዓል ይዤልዎ እመጣለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዐዋጢፍ፣ እዚህ ስትደርሺ ወደ ጆሯቸው ጠጋ በዪና ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፦

ወአለይኩም ሰላም፣ ጋሼ ማህጁብ። ይሄ የሐሙሱ ነው።

ተከራይዎ ምንያህል